የካንሰር መድኃኒት አልተደበቀም፤ አልደረሰንም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ከጎንደር ይድረሳችሁ። በቅርቡ ስለ አንድ አዲስ የካንሰር ሕክምና ዜና አውጥታችሁ ነበር። ብዙ ሰው አንብቦታል። እዚህም ሰሞኑን ወሬው እሱ ነበር። ፒያሳ ቡና ስንጠጣ፣ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍላችንም የሰማሁት ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ «ተመስገን፣ የካንሰር መድኃኒት ተገኘ!» ይላል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ መድኃኒቱ ድሮ ተገኝቷል፤ ስለሚነግዱብን ደብቀውት ነው» ይላል። በመሃል የቆመ ሰው አላገኘሁም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ተማሪዎቼ ግን ስልካቸው ላይ ያዩትን ሁሉ ይዘው ይመጡና «ቲቸር፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ስለዚህ እያነበብኩ እቆያለሁ። የምጽፍላችሁም ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

«ተገኘ» የሚለው ዜና አዲስ አይደለም። በ1998 ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ የአይጦችን የካንሰር እጢ ስላጠፉ ሁለት መድኃኒቶች ጻፈ። በማግሥቱ የመድኃኒቶቹ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የአክሲዮን ዋጋ ተተኮሰ። ሕመምተኞች ሐኪሞቻቸውን በስልክ አጨናነቁ። ሰው ላይ ሲሞከሩ ግን እንደ አይጡ አልሆነም። ከጀርባ ያለው ሐሳብ፣ ማለትም እጢውን የሚመግበውን የደም ሥር መዝጋት፣ ከንቱ አልነበረም። በ2004 በዚያው መንገድ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት ጸድቆ፣ የአንጀት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ለተሠራጨባቸው ሰዎች በአማካይ የጥቂት ወራት ዕድሜ ጨምሯል። ሰው የተነገረው ፈውስ ነበር፤ የመጣለት ወራት ናቸው። ለሕመምተኛ ወራት ትንሽ አይደሉም። ግን የተባለው እሱ አልነበረም።

በ2022 ደግሞ ስልካችን ሁሉ «ካንሰር ከሁሉም ታማሚዎች ጠፋ» በሚል ዜና ተጥለቀለቀ። ይህኛው እውነት ነበር። በአሜሪካ 12 የታችኛው አንጀት ካንሰር ታማሚዎች አንድ መድኃኒት ወስደው ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ጨረር እጢው ጠፋላቸው። በኋላም የታማሚዎቹ ቁጥር ሲጨምር ውጤቱ ጸንቷል። እኔ ሳነበው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ብዙዎቻችን ያላነበብነው ግን መድኃኒቱ የሠራው አንድ የተለየ የዘረመል ጉድለት ባለበት እጢ ላይ መሆኑን ነው። በዚያው ቦታ ካንሰር ከያዛቸው 100 ሰዎች ይህ ጉድለት የሚገኝባቸው ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። የጡት ካንሰር ያለባት እናት ያንን ዜና «የኔ መድኃኒት» ብላ አነበበችው። በ2024 መጨረሻ «ሩሲያ የካንሰር ክትባት ሠራች» ሲባልም እንዲሁ ሆነ። ብዙ ሰው እንደ ፖሊዮ ክትባት ጤነኛው ሁሉ ተወግቶ የሚድንበት መሰለው። የተነገረው ግን አስቀድመው ለታመሙ ሰዎች፣ ለእያንዳንዱ እንደ እጢው ስለሚዘጋጅ ሕክምና ነው።

እንዲህ እየተደጋገመ ሰው ተስፋው ሲነድበት ያኮርፋል። ካኮረፈ በኋላ እውነተኛው ቢመጣም አያምንም።

«ደብቀውታል» ለሚሉት ወገኖቼ ትምህርት ቤት ውስጥ የምለውን እዚህም እላለሁ። ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ሁሉንም የሚያድን አንድ ጠርሙስ የለም፤ የሌለ ነገር ደግሞ አይደበቅም። የካንሰር ሐኪሞች ራሳቸው በካንሰር ይሞታሉ። ስቲቭ ጆብስ ያ ሁሉ ሀብት እያለው በ2011 በካንሰር ሞተ። ቻይና፣ ኩባ፣ ህንድና አሜሪካ እንኳን የካንሰር መድኃኒት፣ ሌላም ነገር ተስማምተው አይደብቁም።

ነገር ግን ይህን ብዬ ብቻ ብተወው ሰውን መበደል ነው። «ደብቀውታል» የሚለው ሰው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በነዚህ ዓመታት ደግሞ መንገዱ ምን እንደሚመስል የአገሬ ሰው ያውቀዋል። የደምቢያ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ቤት ተከራይቶ፣ የሰው ፊት አይቶ ነው የሚታከመው። ይህ ሰው ቴሌቪዥን ላይ «አዲስ መድኃኒት» የሚባለውን ይሰማል፤ መንደሩ ውስጥ ግን በመድኃኒቱ የዳነ አንድም ሰው አያይም። ለእሱ የተደበቀ መድኃኒትና በዋጋው የማይነካ መድኃኒት ምን ይለያያሉ? ቁጣው ትክክል ነው። የተቆጣው ግን በተሳሳተው ነገር ላይ ነው።

ኢማቲኒብ የሚባለውን መድኃኒት እዩት። በ2001 ሲወጣ አንዱን ዓይነት የደም ካንሰር በየቀኑ ክኒን እየዋጡ አብረውት የሚኖሩት በሽታ አደረገው። ማንም አልደበቀውም፤ ዓለም ሁሉ ጻፈለት። ችግሩ ዋጋው ነበር። ህንድ ውስጥ በርካሽ ይመረት ነበርና የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው የስዊዘርላንዱ ኩባንያ ኖቫርቲስ በፓተንት፣ ማለትም ብቻውን የማምረት መብት ጉዳይ ተከራከረ፤ በ2013 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልፈቀደለትም። ብዙ ድሃ ሕመምተኞች ዛሬ በሕይወት ያሉት በዚያ ርካሽ ክኒን ነው።

ከዚህ በፊት ይህንኑ በኤች አይ ቪ አይተነዋል። በሀብታም አገሮች በ1996 ሰውን ከሞት የሚመልሱ መድኃኒቶች ተገኙ። እኛ አገር በነፃ መሰጠት የጀመሩት በ2005 ነው። በመሃሉ ስንቱን ቀበርን። ያኔም «መድኃኒት አላቸው፣ ደብቀውን ነው» ይባል ነበር። ነገሩን የቀየረው ግን ይህ ወሬ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሕመምተኞች ሰልፍ ወጡ፣ ፍርድ ቤት ቆሙ። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ መድኃኒቱን በቀን ከአንድ ዶላር ባነሰ ዋጋ አቀረበ። ከዚያ ዓለም አቀፍ ገንዘቡ መጣ። እኛም ጋ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ነው ሰው መሞቱን የቀነሰው። ለካንሰርም እንዲህ ዓይነት ጩኸት ነው የሚያስፈልገን። «የትኛው መድኃኒት አለ? ለምን ጎንደር አልደረሰም? ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጩኸት። «ውሸት ነው» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ምንም አይጠይቅም።

እውነተኛው ለውጥ የሚመጣው በዝግታ ስለሆነ ለዜና አይመችም። በ1948 ሲድኒ ፋርበር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት በመድኃኒት ለወራት ሊያገግሙ እንደሚችሉ አሳየ። በሽታው ተመለሰባቸው። ከዚያ አንድ መድኃኒት ተጨመረ፣ ከዚያ ሌላ። አንደኛው ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው ቪንክሪስቲን ነው። (ይህን የማነሳው ጊሽጣና ሽፈራው ካንሰር ይፈውሳሉ እየተባለ ስለሚወራ ነው። ሳይንስ ዕፅዋትን አይንቅም። መርምሮ፣ ለክቶ፣ ሰው ላይ ሞክሮ ነው የሚቀበላቸው።) ዛሬ በሀብታም አገሮች በብዛት የሚታየው የልጆች የደም ካንሰር ከያዛቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ። «ተገኘ» የተባለበት አንድ ቀን ግን የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ወደ ሆነው ልምጣ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ናቸው፤ በ2008 ኖቤል ተሸልመውበታል። ክትባቱ በ2006 ወጣ። ወደ ኢትዮጵያ በ2018 ገባ፤ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በነፃ መሰጠት ጀመረ። በ2024 መጀመሪያ ከስኮትላንድ የወጣው ጥናት በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ ክትባት ከወሰዱት ሴቶች መካከል በማኅፀን በር ካንሰር የተያዘች አንዲትም አልተገኘችም ይላል። አንዲትም! የካንሰር መድኃኒት ተገኘ ተብሎ እልል ሊባልለት የሚገባ ነገር ካለ ይኸው ነው። ሲመጣ ደግሞ ከድሃው ትምህርት ቤት በር ድረስ፣ ያለ ክፍያ ነው የመጣው።

በእኛ ትምህርት ቤት ክትባቱ ሲመጣ ልጆቻቸውን በዚያ ቀን ከቤት ያስቀሩ ወላጆች አሉ። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ሰምተው ነው። እውነት አይደለም። ያነጋገርኳት አንዲት እናት «ካንሰርን የሚከላከል መርፌ ቢኖር ኖሮ ለራሳቸው ያስቀሩት ነበር እንጂ ለኛ በነፃ ይሰጡ ነበር?» አለችኝ። ልጇን የምትወድ፣ ጨዋ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ ስለተታለለች ነው። ክትባቱን ለልጆቻቸው የሚሰጡት እኮ ራሳቸው ፈረንጆቹም ናቸው።

አክስቴም በዚሁ አለማመን ነው የሄደችብን። ጡቷ ላይ ያበጠውን ነገር ለረጅም ጊዜ ደብቃ ያዘችው። «ካንሰር ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ካልሆነም ይጠፋል» ነበር የምትለው። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ወደ አጥንቷ ገብቶ ነበር። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ይድናል። ይህን ብታውቅ ትደብቀው ነበር? አልመስለኝም። ለጸበል ሄዳለች፤ በዚያ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። ከጸበሉ ጋር ሐኪምም ብታይ ነበር የምንመኘው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ስለ ካንሰር ዜና ስታወጡ አይጥ ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ፣ ሰው ላይ ከሆነ በስንት ሰው፣ ለየትኛው የካንሰር ዓይነት የሚለውን ከርዕሱ ሥር ወዲያው ጻፉልን። ሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት የካንሰር መድኃኒቶች ለሕክምና የሚበቁት ከ10 አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አንባቢ ቢያውቅ አይጎዳውም። ይልቅ የሚጎዳው ከዓመት በኋላ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብሎ መልስ ሲያጣ ነው። ተመልሳችሁ ጻፉበት። ከከሸፈም ከሽፏል በሉ። ከሠራም አገራችን ገብቷል ወይ፣ ስንት ይሸጣል፣ ማን ሊያስገባው ይችላል ብላችሁ ጤና ሚኒስቴርን ጠይቁልን። ይህን እኛ ከጎንደር ሆነን ልንጠይቅ አንችልም፤ እናንተ ትችላላችሁ።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ማድረግ እንዳለባቸውም ደጋግማችሁ አስታውሱ። አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) ቀብቶ በማየት የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው። ቅድመ ካንሰር ከተገኘ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታከማል።

ስለ ክትባቱም የሚቀጥለው ዘመቻ ከመድረሱ በፊት አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ወላጆች የሚፈሩትን አንድ በአንድ አንስቶ የሚመልስ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ይሁን። ካወጣችሁት እኔ አባዝቼ በወላጆች ስብሰባ ላይ አድለዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የባዮሎጂ መምህር፣ ጎንደር