ቀንድ አውጣ የሚበላው አባጨጓሬ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አዲስ የእሳት እራት ዝርያ እንዴት እንደሚጸድቅ ለጠየቃችሁ፣ ከሃዋይ ደሴቶች አንድ ልንገራችሁ። ሂፖስሞኮማ ሞሉሲቮራ ይባላል፤ ይፋ የሆነው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። የእሳት እራቱ ራሱ ደቃቃ ነው። ጉዱ ያለው አባጨጓሬው ላይ ነው። ቅጠል ላይ ያረፈ ቀንድ አውጣ ሲያገኝ በሐር ክር ጠፍሮ ያስረዋል። ከዚያ ዛጎሉ ውስጥ ገብቶ ከነሕይወቱ ይበላዋል! አባጨጓሬ ቅጠል በል ነው ብለን ለኖርን ሰዎች ይከብዳል።

ደቃቅ የእሳት እራቶች ስለሚመሳሰሉ፣ አዲስ ዝርያ መሆኑን ለማጽደቅ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ይታያል። የስሙ መለያ የሚሆን አንድ ናሙና ይቀመጣል፣ መግለጫውም ይታተማል።

ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር፣ የእሳት እራቶችን ለመሳብ ነጭ ጨርቅ ዘርግተን መብራት እናበራለን። ከደሴ የምትመጡ ጋቢ ያዙ፤ ስትመለሱ የጦሳ ተራራ ብርድ አይምርም።