ለግብረ ሰናይ ሥራ አመራር አዲስ ዲፓርትመንት አያስፈልግም፤ አምስት ኮርስ ይበቃል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የግብረ ሰናይ ድርጅቶች አመራር በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ትምህርቱ መሰጠቱን እደግፋለሁ፤ ለብቻው ዲፓርትመንት መከፈቱን ግን አልደግፍም። የድርጅቶቹን ክፍት የሥራ ማስታወቂያ የሚከታተል ሁሉ እንደሚያውቀው የሚጠየቀው «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ» ነው። «ተዛማጅ» የምትለዋን ተማምኖ አራት ዓመት የደከመ ልጅ፣ ማመልከቻው የመጀመሪያውን ማጣሪያ ላያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ አዲስ የትምህርት መስክ ሲከፈት ፈተናውም አብሮ መሰናዳት አለበት።

በዚህ ነገር ቀደምት የሆኑት አሜሪካውያንም የጀመሩት በዲፓርትመንት አይደለም። በ1948 (እ.ኤ.አ.) ካንሳስ ሲቲ ላይ የተመሠረተውና ዛሬ ናንፕሮፊት ሊደርሺፕ አሊያንስ የሚባለው ተቋም ተማሪው በየትኛውም ሙያ እየተማረ ጎን ለጎን የሚያገኘው የምስክር ወረቀት አዘጋጀ። ለብዙ ዓመታትም 300 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቅ ነበር። ለእኛም የሚሻለው ይኸው መንገድ ነው። የአካውንቲንግ፣ የማኔጅመንትና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ከሦስተኛ ዓመት ጀምረው አምስት ኮርስ ይውሰዱ፤ ዲግሪያቸው በያዙት ሙያ ይሁን።

ከአምስቱ ከባዱ ሒሳቡ ስለሆነ እሱ ላይ ላተኩር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን (ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች) ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ 70/30 ብሎ፣ ማለትም ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር አድርጎ ይከፍል የነበረው የዓመቱን ወጪ ነበር። ብዙ ሰው ለውጡን ከ30 ወደ 20 መውረድ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ዋናው ለውጥ ግን ስሌቱ ከወጪ ወደ ገቢ መዞሩ ነው።

ለምሳሌ 6,000,000 ብር ገቢ ያቀደ ድርጅት እንውሰድ። ጣሪያው 1,200,000 ብር ነው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ በወር 45,000፣ የሒሳብ ሠራተኛው 25,000፣ የቢሮ ኪራይ 20,000፣ የዓመቱ የኦዲት ክፍያ 80,000 ቢሆን ድምሩ 1,160,000 ይመጣል። ለመብራት፣ ለኢንተርኔት፣ ለባንክና ለነዳጅ የቀረው 40,000 ብር ብቻ ነው። አሁን ለጋሹ የመጨረሻውን ክፍያ አዘግይቶ ገቢው በ5,000,000 ቢዘጋ፣ ጣሪያው 1,000,000 ላይ ይወርዳል። ድርጅቱ አንዲት ብር ሳይጨምር ሕጉን በ160,000 ብር አለፈ ማለት ነው። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ ሠርቶት የማያውቅ ተመራቂ መሥሪያ ቤት ገብቶ የሚያየው ኦዲተሩ ሲመጣ ነው።

የጋራ ወጪ ክፍፍልም እንዲሁ ነው። ሦስት ፕሮጀክት በአንድ ቢሮ ቢኖሩ፣ አሥሩ ሠራተኞች 5፣ 3 እና 2 ሆነው ቢመደቡ፣ 40,000 ብር ኪራይ 20,000፣ 12,000 እና 8,000 ሆኖ ይከፈላል። በተግባር የሚታየው ግን ኪራዩን በሙሉ ገንዘብ የተትረፈረፈው ፕሮጀክት ላይ መጫን ነው። ያ ፕሮጀክት ሲያልቅ ቢሮው ከፋይ ያጣል። ከዚህ የከፋው አንዱን ደረሰኝ ለሁለት ለጋሽ ማቅረብ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል ሳይሆን ደረሰኙ ላይ የፕሮጀክቱ ስም ያለበት ማኅተም ባለመመታቱ የሚደርስ ነው። ታይም ሺትም (ሠራተኛው በየፕሮጀክቱ የሠራበትን ሰዓት የሚሞላበት ቅጽ) አለ፤ ወሩ ሳይጀምር «100 በመቶ» ተብሎ ተሞልቶ የሚፈረምበት ታይም ሺት ለኦዲተር ባዶ ወረቀት ነው።

ስለዚህ የሒሳብ ኮርሱ ፈተና «ፈንድ አካውንቲንግን (የየለጋሹን ገንዘብ ለይቶ መመዝገብን) ግለጽ» መሆን የለበትም። ተማሪው ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ ያህል ሰነድ ይቀመጥለት፤ በወረዳ ለሁለት ቀን የተሰጠ የአንድ ሥልጠና ማወራረጃ ይሁን። የተሳታፊዎች ፊርማ 38 ሆኖ የምግብ ደረሰኙ ለ45 ሰው ይላል። አንዱ ደረሰኝ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፤ ሌላው ከጉዞ ፈቃዱ በፊት ባለ ቀን ተቆርጧል። የሁለቱ ቀን ፊርማ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ ነው። የቱ ተመላሽ እንደሚደረግ፣ የቱ በቃለ ጉባኤ እንደሚታረምና ስንት ብር ከአበል ተቀባዩ እንደሚጠየቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወስን። መውደቅ ካለበትም እዚያው ይውደቅ።

የበጀት ዝግጅቱም ቀላል አይደለም። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ከበጀቱ ሲረሳ ማየት የተለመደ ነው፤ በ25,000 ብር ደመወዝ ላይ በወር 2,750 ብር ይሆናል። የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን፣ ለሚቀጥለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ስለሚታሰብ፣ 24,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲቀነስ በዚህ ስሌት ብቻ 40,000 ብር ይገባዋል፤ ለቅነሳው ደግሞ የስልሳ ቀን ደመወዝ ይታከልበታል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ድንገት ሲያግድ በአንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠሉ ድርጅቶች ሠራተኛ መቀነስ ግድ ሆነባቸው። ከለጋሽ ቅድመ ሁኔታ ነፃ የሆነ ገንዘብ ለስንት ወር ቋሚ ወጪ እንደሚበቃ ማስላት የማካፈል ስሌት ነው፤ 900,000 ብር ያለውና በወር 300,000 የሚያወጣ ድርጅት የሦስት ወር ዕድሜ አለው። ይህ ቁጥር በየቦርድ ስብሰባው አጀንዳ ላይ መቅረብ አለበት።

የምንዛሪው ነገርም ይታከልበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ10,000 ዶላር በጀት በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ፤ የገበያ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። በብዙ ውሎች ያለ ለጋሹ ፈቃድ ከአንዱ የበጀት ርዕስ ወደ ሌላው ማዛወር የሚቻለው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ የማሻሻያ ደብዳቤ ቀድሞ ያልጻፈ ድርጅት ገንዘቡ ባንክ እያለ ሥራው ቆመበት። የማሻሻያ ደብዳቤ አጻጻፍ ከማንኛውም የ«ሊደርሺፕ» ንድፈ ሐሳብ በፊት መማር ያለበት ነገር ነው ብል አላጋነንኩም።

የቀሩትን ኮርሶች በአጭሩ ልለፋቸው። ከሒሳቡ ቀጥሎ ሁለተኛው ሕግና ቦርድ ነው፤ ተማሪው መተዳደሪያ ደንብ ያርቅቅ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቦርዱ የሚወስነውንና ሥራ አስኪያጁ የሚወስነውን ይለይ። ለዚህ ከውጭ መጽሐፍ ይልቅ የሰፈር እድር ደንብና የገንዘብ ያዡ መዝገብ ይሻላል፤ በአባላት ፈቃድ የአንድ ዓመት መዝገቡን ከባንክ ደብተሩ ጋር ማስታረቅ ጥሩ የቤት ሥራ ይወጣዋል። ሦስተኛው የፕሮጀክት ዕቅድና ክትትል፣ አራተኛው ሀብት ማሰባሰብ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የገቢ ማስገኛ ሥራን ስለፈቀደ የንግድ ዕቅድም ይግባበት።

አምስተኛው ልምምዱ ነው። አሁን ባለው ሁኔታ ተማሪ ለአንድ ወር ሄዶ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይከርማል። በሳምንት 20 ሰዓት ለ16 ሳምንት ቢሆን 320 ሰዓት ይመጣል። ወቅቱም ይመረጥ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1፣ የአሜሪካ መንግሥት ኦክቶበር 1፣ የብዙዎቹ አውሮፓውያን ለጋሾች ደግሞ ጃንዋሪ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ከአንድ መዝገብ ሦስት ዓይነት ሪፖርት ይወጣል። ሒሳቡን ታኅሣሥ 22 የሚዘጋ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርቱን በሦስት ወር ውስጥ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ማቅረብ አለበት። ተማሪው ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ ቢቀመጥ መዝጊያውንም ኦዲቱንም በዓይኑ ያያል።

አስተማሪውን በተመለከተ፣ ሒሳቡን ሥራ ላይ ያለ የፋይናንስ ኃላፊ ወይም የተመሰከረለት ኦዲተር በማታው ክፍለ ጊዜ ቢሰጠው ዩኒቨርሲቲው አዲስ ቅጥር አያስፈልገውም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም ለእርማት ከሚመልሳቸው ሪፖርቶች ውስጥ የድርጅቶቹን ስም እያጠፋ ሃያ ያህሉን በየዓመቱ ለዩኒቨርሲቲዎች ቢሰጥ፣ ለማስተማሪያነት ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ የትም አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር
የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የሒሳብ ባለሙያ
አዲስ አበባ