የሊር ልጆች ተረት አፈታት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የአየርላንዱን የሊር ልጆች ተረት የሚተነትኑ ብዙዎች በመጨረሻው ያለውን የልጆቹን ጥምቀት «መነኮሳት የለጠፉት» ብለው ይቆርጡታል። ከዚያ የቀረውን በፀሐይና በክረምት ይፈቱታል። ስሕተቱ ከዘመኑ ይጀምራል፤ ድርሰቱ የተጻፈው አየርላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን መገባደጃ ነው። ጥንታዊ ቅሪት ሊኖረው ይችላል፤ ሙሉው ግን ጥንታዊ አይደለም።

ቁጥሮቹን እንይ። እንጀራ እናታቸው ኢፋ አራቱን ልጆች ስዋን ወደሚባለው ነጭ የውኃ ወፍ ትለውጣቸዋለች። 300 ዓመት በዴራቫራ ሐይቅ፣ 300 በሞይል ባሕር፣ 300 በምዕራቡ ዳርቻ ይቆያሉ። ስደቱ የሚያበቃው የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምተው፣ በሚያጠምቃቸው ክርስቲያን ቅዱስ ሰው ደጅ ነው። ደወሉንና ጥምቀቱን ካወጣችሁ 900ው ዓመት መድረሻ ያጣል።

እኔ ይበልጥ የምመዝነው የቀብሩን ነው፦ እኅታቸው ፊኑላ ሦስቱን ወንድሞቿን፣ ኮንን በቀኟ፣ ፊያክራን በግራዋ፣ ኢድን ከፊቷ አድርጋ ትቀበራለች፤ በሞይል ብርድ በክንፏ እንዳቀፈቻቸው። ይህን የፀሐይ ትርጓሜ አይነካውም።

ፖለቲካዊው ንባብ ደግሞ ሌላ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ለአየርላንድ ነጻነት የሞቱት በሚታሰቡበት የደብሊን መታሰቢያ አትክልት የቆመው የኦይሺን ኬሊ ሐውልት ተረቱን የአገር ዳግም ልደት አድርጎታል። ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ደራሲው ግን ምንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ