ከ35 በታች ላደረሳችሁኝ ሁሉ

ወዳጆቼ፣ ስትደውሉ «ደህና ነኝ» እያልኩ ስልኩን እዘጋባችሁ ነበር። ዛሬ በደንብ ልመልስላችሁ።

ሆዴ መነፋት ሲጀምር አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ሁለት ወር ኪኒን አስዋጠኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «አረገዘች» ተባለ። በ54 ዓመቴ! በኋላ በአልትራሳውንድ ሆዴ ውስጥ ውሃ ታየ፣ ሲኤ 125 የሚባል የደም ምርመራም ታዘዘ። ወረቀቱ 812 ይላል። ከጎኑ የጤነኛው ልክ «ከ35 በታች» ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቤት እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዶክተሬ፣ የመጀመሪያው ምስጋና የእርስዎ ነው። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ሲኤ 125 ስኳር የተለጣጠፈበት ትልቅ ፕሮቲን መሆኑን በወረቀቱ ጀርባ ላይ ሥለው አሳዩኝ። ግላይኮፕሮቲን ይባላል። ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ትንሽ አይጠፋም። በእንቁልጢ (የሴት እንቁላል በሚያመርተው አካል) ካንሰር ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ ግን የሆድ ዕቃ ቲቢም፣ የጉበት በሽታም፣ እርግዝናም ከፍ ያደርጉታል። «በቁጥር ብቻ ኬሞ አልሰጥዎትም፤ ናሙና ይወሰድ» አሉኝ። ያን ሌሊት ቲቢ በሆነልኝ ብዬ ስዕለት ተሳልኩ። ቲቢን የሚመኝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አልሆነም፤ ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ወሰድኩ። የደም ሥሬ ሲጠፋ እጄን በሙቅ ውሃ ነክራ የምታሞቅልኝ ነርስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕቁብተኞቼ፣ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለቃችሁልኛል። ጎረቤቴ፣ አጥሚቱን ስተፋው ሌላ ሠርተሽ ትመጪ ነበር፤ ተቆጥተሽኝም አታውቂ።

ቁጥሩ 390 ሆነ፣ ከዚያ 121፣ 40፣ በመጨረሻ 11። እልል ልል ስል ዶክተሩ ትንሽ ያዝ አደረጉኝ። ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ካንሰሩ ጭራሽ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እንዲያውም ገና ሲጀምር ይህን ቁጥር ጭራሽ የማይጨምር የእንቁልጢ ካንሰርም አለ። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ሲሉኝ ግን ለቀቅ አድርጌ አለቀስኩ።

ቀጣዩ ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ውጤቱን የምቀበለው እኔ ነኝ ብሎ ወንድሜ አስቀድሞ አስታውቋል። እናንተ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ኑ፣ ቡና አለ።