ቤቱ ተሸጦ መቃብሩ የቀረ

እታለም እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ስንደዋወል የእምዬን ቤት ልንሸጠው ነው ስትይኝ ዝም ያልኩት ተናድጄ እንዳይመስልሽ፣ ቃል አጥሮኝ ነው። በስልክ ያቃተኝን ልጻፈው ብዬ ነው እንግዲህ፣ ቢረዝምብሽም እስከመጨረሻው አንብቢልኝ።

እሁድ ኦፍ ስለነበርኩ ከልጆቹ ጋር ቨርጂኒያ ውስጥ ሞንቲሴሎ የሚባል ቦታ ሄድን፣ የአሜሪካ 3ኛው ፕሬዝዳንት የቶማስ ጀፈርሰን ቤት ነው፣ ተራራ አናት ላይ። ሰው ሁሉ የሚመጣው ቤቱን ለማየት ነው፣ ቤቱም በጣም ያምራል፣ እኔ ግን ከቤቱ ወረድ ብሎ በብረት አጥር የተከበበችው የቤተሰቡ መቃብር ጋ ነው እግሬ አልነሳ ያለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጀፈርሰንና ዳብኒ ካር የሚባል የልጅነት ጓደኛው እዛ ተራራ ላይ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ ስር ቁጭ ብለው ያነቡ ነበር አሉ፣ እና ከሁለታችን ቀድሞ የሞተውን የቀረው እዚህ ዛፍ ስር ይቅበረው ተባብለው ቃል ተገባቡ። ካር በኋላ የጀፈርሰንን እህት አገባ፣ 6 ልጆች ወለዱ፣ ከዛ በፈረንጆቹ 1773 ገና በ29 ዓመቱ ሞተ። ያኔ ጀፈርሰን እዛ አልነበረም፣ ሌላ ቦታ ተቀብሮ ነው የደረሰው፣ ግን ቃል ቃል ነውና ሬሳውን አስወጥቶ ወደ ዛፉ አመጣው። መቃብሯ የተጀመረችው እንዲህ ነው። ጀፈርሰን ሁሉንም ነገር የሚመዘግብ ሰው ነበርና ይሄንንም ጽፎታል፣ 80 ጫማ በ80 ጫማ የሆነውን ቦታ 2 ሰራተኞች በ3 ሰዓት ተኩል መነጠሩት፣ አንድ ሰው ቢሆን 7 ሰዓት ይፈጅበት ነበር ይላል። የሰራተኞቹን ስም ግን አልጻፈም። ይቺ ነገር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

በ1782 ሚስቱን እዛው ቀበረ፣ ቀጥሎ ልጁን፣ በ1826 ራሱም ገባ። ሲሞት ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ነበረበት፣ ስለዚህ በ1827 እዛ የነበሩ 130 ባሮች ለጨረታ ቀረቡ፣ እናትና ልጅ ተለያየ፣ በ1831 ደግሞ ቤቱ ራሱ ከነመሬቱ ተሸጠ። መቃብሯን ግን ቤተሰቡ አልሸጣትም እታለም! ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ የነሱ ሆና ቀረች፣ በ1913 ተወላጆቹ ማህበር አቋቋሙ፣ ዛሬም እዛ ይቀበራሉ። የጀፈርሰንን የመቃብር ሐውልት እንኳ ጎብኚው ለማስታወሻ እያለ እየሸረፈ ጨርሶት በ1883 ትልቅ አዲስ ተተከለለት።

ግን ቤተሰብ ማነው? የሚለው ጥያቄ አለ። ሳሊ ሄሚንግስ የምትባል ባሪያ ነበረች፣ በአባት በኩል የሚስቱ እህት ነች፣ ለጀፈርሰን ልጆች ወልዳለታለች። በ1998 ዲኤንኤ ተመርምሮ የሷ ዘርና የጀፈርሰን ቤተሰብ ገጠመ። የሷ ተወላጆች እኛም እዛ እንቀበር ብለው ጠየቁ፣ ማህበሩ በ2002 በድምፅ እምቢ አለ። የሳሊ መቃብር ራሱ የት እንደሆነ እስከዛሬ አይታወቅም።

ስንወጣ ደግሞ ምን አየሁ መሰለሽ፣ ፓርኪንጉ አጠገብ ዛፍ ውስጥ አጥር አለ፣ የባሮቹ መቃብር ነው። ከ40 በላይ ሰው ተቀብሮበታል፣ የማንም ስም አይታወቅም። አንዳንዱ ጋ ከሜዳ የተነሳ ድንጋይ ብቻ እንደነገሩ ቆሟል፣ ሌላው ጋ መሬቱ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል፣ በቃ፣ ቅጠል ሞልቶበታል። ጠዋት መኪናችንን እዛው አጠገብ አቁመን ሳናየው አልፈናል።

እታለም፣ እዛ ቆሜ ያሰብኩት እቴቴን ነው። አንቺንም እኔንም በጀርባዋ ያሳደገችን፣ እምዬ ስትሞት እንኳ ከሁላችን በላይ ያለቀሰችው እቴቴ። የእምዬ መቃብር ላይ እብነበረድ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ስሟ ከነክርስትና ስሟ ተጽፏል። እቴቴ እኮ እዛው ግቢ ከቅጥሩ ስር ነች፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስመጣ አፈሩ ተደልድሎ ሳር በቅሎበት አጥቼው የመቃብር ጠባቂው ነው ያሳየኝ። ያኔ አፍሬ ዝም አልኩ፣ ለማንም አልነገርኩም። 30 ዓመት እኛ ቤት ኖራ የአባቷን ስም እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ?

ስለዚህ ቤቱ ይሸጥ፣ እናንተ ካመናችሁበት እኔም ፈርሜ ውክልናውን እልካለሁ። የኔን ድርሻ ግን አትላኩልኝ፣ መጀመሪያ ከሱ ላይ ለእቴቴ ድንጋይ ይቁምላት፣ ካልበቃም እኔ እጨምራለሁ። አሁኑኑ የንስሐ አባቷን ጠይቂልኝ፣ ክርስትና ስሟን እሳቸው አያጡትም። ለቅሶው ላይ የመጣው የወንድሟ ልጅ ደግሞ ስልኩን ለእማዬ ሰጥቷት ነበር፣ በአሮጌው ደብተር ውስጥ ፈልጊው፣ የአባቷንና የአያቷን ስም አስጽፊና በቫይበር ላኪልኝ። ፊደሉ እንዳይሳሳት ሁለቴ አስነብቢው።

ወንድምሽ