ከጄኔቫ ወደ ፈርኔ-ቮልቴር ቤት ለምትለውጡ ደንበኞቻችን፦ ከካርቶኑ በፊት ወረቀቱ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ፈርኔ ቤት አግኝታችሁ ስትደውሉልን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ ከጄኔቫው አደባባይ ከፕላስ ዴ ናሲዮን አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ ለምን የሁለት ሳምንት ዝግጅት እንጠይቃለን? መንገዱ በእርግጥ አጭር ነው፤ ከአውሮፕላን ማኮብኮቢያው ሥር አልፎ ወዲያው ፈረንሳይ ይገባል። ነገር ግን በመካከሉ የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ድንበር አለ። ቅዳሜ ለገበያ ስትሄዱ ማንም ላያስቆማችሁ ይችላል፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣ የጫነ መኪና ግን ከውጭ አገር ዕቃ እያስገባ ነው።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርታችሁን እዩ። የስዊዘርላንድ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ያለው ሰው ፈረንሳይ እየኖረ ጄኔቫ መሥራት ይችላል፤ የኅብረቱ ዜጋ ከሆነ የድንበር ሠራተኛ ፈቃድ፣ ማለትም «ጂ» የሚባለውን፣ ያወጣል። የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዞ በ«ቢ» ወይም በ«ሲ» የስዊዘርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አገር ለቅቄአለሁ ብሎ ሲያስመዘግብ የስዊዘርላንድ ፈቃዱ ያበቃል። «ጂ» ለማግኘት ደግሞ በፈረንሳይ ቋሚ የመኖር መብትና በድንበሩ ዞን ቢያንስ የ6 ወር ኑሮ ይጠየቃል። በዓለም አቀፍ ድርጅት ተቀጥራችሁ የሌጊቲማሲዮን ካርድ (የስዊዘርላንድ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ያለ ድርጅት ሠራተኞች የሚሰጠውን መታወቂያ) የያዛችሁም የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ኃይል ክፍል አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ይህ ሳይጣራ የጄኔቫውን ቤት መልቀቂያ የጻፈ ሰው ቤቱንም ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ካልተፈታ ቀን አንቆርጥም።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ያገለገለ የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ቫት እንዲገባ የፈረንሳይ ጉምሩክ የሚጠይቀው ይህን ነው። ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር ኖራችሁ መሆን አለበት። ዕቃው ቢያንስ 6 ወር በእጃችሁ ሆኖ ያገለገለ መሆን አለበት። አዲሱ ቤት ከገባችሁ በ12 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ከገባም በኋላ ለ12 ወር አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይዋስም። መጠጥና ትምባሆ በዚህ ነጻነት አይካተቱም። ባለፈው ሳምንት የተገዛ አዲስ ቴሌቪዥንም እንዲሁ፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ለብቻው ታስመዘግቡታላችሁ፣ የፈረንሳይ ቫት 20 በመቶ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የዕቃ ዝርዝሩ ነው። በፈረንሳይኛ፣ በሁለት ቅጂ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ በየዕቃው ግምታዊ ዋጋ የተጻፈበት መሆን አለበት። «ልዩ ልዩ የወጥ ቤት ዕቃ» ብሎ ማለፍ ካርቶን ያስከፍታል። እንዲህ ጻፉ፦ ካርቶን 7፣ 6 ድስት፣ 24 ሰሃን፣ 1 የሸክላ ቡና ማፍያ፣ 12 ሲኒ፣ ያገለገለ፣ 90 ዩሮ። ዋጋው አሁን ቢሸጥ የሚያወጣውን እንጂ የተገዛበትን አይደለም። መሶብን «መሶብ» ብላችሁ ከተዋችሁት ሠራተኛው ምን እንደሆነ አያውቅምና «ታብል አን ቫንሪ» በሉት፤ በሣር የተሰፋ ጠረጴዛ ማለት ነው። በሁለት ጉዞ የምታመጡ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የሁሉንም ዝርዝር አቅርቡ፤ ያልተጻፈ ዕቃ በሁለተኛው ጉዞ ሲመጣ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል። ከዝርዝሩ ጋር ከጄኔቫ የሕዝብ ጉዳይ ቢሮ የመልቀቂያ ማስረጃ፣ የፈርኔውን የኪራይ ውልና የፓስፖርት ቅጂ አያይዙ።

መኪና ካላችሁ እሱም በዝርዝሩ ይግባ። ጉምሩክ «846 ኣ» የሚባል ማረጋገጫ ይሰጣችኋል፤ ያለ እሱ የፈረንሳይ ታርጋ አይወጣም።

«ፈርኔ እኮ ነጻ ቀጠና ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አሳስቷል። ፈርኔ የምትገኝበት አካባቢ፣ የፔይ ደ ጄክስ፣ ነጻ ቀጠና እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1815 የፓሪስ ውል የመጣ ነው፤ ፈረንሳይ ልታስቀረው ስትል የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1932 እንዲቆይ ወስኗል። ነገር ግን ዋና ጥቅሙ በአካባቢው የተመረተ፣ በተለይ የእርሻ ምርት፣ ያለ ቀረጥ ወደ ጄኔቫ እንዲገባ ነው። ከጄኔቫ ወደ ፈርኔ የሚሄድን ሶፋ አይመለከትም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ እንመክራለን። ዕቃ የሚያስተናግዱት የጉምሩክ ጣቢያዎች በሥራ ቀንና ሰዓት ብቻ ይሠራሉ፤ ሰው የሌለበት ትንሽ የድንበር በር አቋርጦ ማለፍ ያልተፈቀደ ማስገባት ነው፣ አናደርገውም። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በፈርኔ መሀል ገበያ ይቆማል፣ በዋናው መንገድ በግራንድ ሩ ላይ የጭነት መኪና አይገባም። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ወደ ጄኔቫ ሲጎርፍ የእኛ መኪና በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት (በአውሮፓ አቆጣጠር 17 ሰዓት) በኋላ ግን ከተመላሹ ጋር በአንድ ሰልፍ እንቆማለን፣ የሰዓት ሂሳባችሁም ይጨምራል። በደጃፋችሁ የማቆሚያ ቦታ ለማስከበር ለሜሪው (ለፈርኔ ማዘጋጃ ቤት) ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት ጻፉ።

የፈርኔው ቤት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ጄኔቫ ምድጃና ማቀዝቀዣ ከቤቱ ጋር ማግኘት የተለመደ ነው፤ ፈረንሳይ ያለ ዕቃ የተከራየ ቤት ግን ወጥ ቤቱ የእቃ ማጠቢያ ሲንክ ብቻ ሊኖረው ይችላል። የልብስ ማጠቢያውም በምድር ቤት የጋራ አይደለም፣ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የውኃ መግቢያና መውጫው የት እንደሆነ እዩ፤ የቦታውንም ስፋት ለኩ።

ስፒናም ይለያያል። የስዊዝ ባለ ሦስት እግር ስፒና ፈረንሳይ ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ባለ ሁለት እግሩ ቀጭን ስፒና ብቻ በሁለቱም ይሠራል። ለስልክ ባትሪ መሙያ መቀየሪያ ይበቃል። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ርካሽ መቀየሪያም፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የተሰኩበት ማከፋፈያም አትጠቀሙ፤ ምጣድ ከባድ ኃይል ለረጅም ጊዜ ይስባል፣ መገናኛው ግሎ ይቀልጣል። ስፒናውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስቀይሩና የፈረንሳዩ 16 አምፔር ሶኬት ላይ ለብቻው ሰኩት። ሲጫን አክንባሎው ለብቻው ይጠቅለል፤ ምጣዱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በጀርባው ሳይገለበጥ ዝርግ ይቀመጥ፣ በላዩም ምንም አይጫን። ሸክላው በአንድ ጎን ጫና ካረፈበት ዕለቱን ባይታይም በመጀመሪያው የጋለ ቀን ይሰነጠቃል።

ኪራይን በተመለከተ፣ የጄኔቫ ውል ብዙውን ጊዜ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ ቀድማችሁ ለመውጣት የመክፈል አቅም ያለውና ውሉን በዚያው ሁኔታ የሚቀበል ተተኪ ተከራይ ማቅረብ ትችላላችሁ። ካልሆነ ሁለት ኪራይ ትከፍላላችሁ። ፈርኔ ላይ ያለ ዕቃ ለተከራየ ቤት ማስያዣው ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ግን የቤት ኢንሹራንስ ማረጋገጫ ማቅረብ ግዴታ ነው። ጄኔቫ ተቀጥራችሁ ፈረንሳይ ከገባችሁ በ3 ወር ውስጥ የጤና መድንን ከሁለቱ አገሮች አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ምርጫው በመርሕ ደረጃ አይቀየርም፣ አትቸኩሉ።

ቤቱ ቶሎ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር እ.ኤ.አ. በ1758 ርስቱን ሲገዛ ፈርኔ ትንሽ መንደር ነበረች፤ በ1770 ከጄኔቫ የተሰደዱ ሰዓት ሠሪዎችን ተቀብሎ ቤት ሠራላቸው፣ ገንዘብ አበደራቸው፣ መንደሯም ከተማ ሆነች። የእሱን ስም የያዘችው በ1878 ነው። ዛሬም የሚያሳድጋት የጄኔቫ ሥራ ነው፤ በ1973 ስምምነት መሠረት ጄኔቫ ከድንበር ሠራተኞች ጥቅል ደመወዝ 3.5 በመቶ ለሚኖሩባቸው የፈረንሳይ አካባቢዎች ትመልሳለች። ኪራዩም ስለዚህ በፍራንክ ደመወዝ ልክ የተሰፋ ነው፤ ዋጋውን ከፈረንሳይ ሳይሆን ከጄኔቫ ጋር አወዳድሩት።

ዝርዝሩን ስትልኩልን የሁለቱንም ቤት ፎቅ፣ የሊፍቱን በር ስፋት በሴንቲሜትር፣ ከ60 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ ካለም ፎቶውን ጨምሩ። ለቆረጣችሁት ቀን ከ14 ቀን በፊት ከደረሰን ወረቀቱን አይተን፣ በየትኛው በር እንደምናልፍ ጽፈን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ዕቃ ማጓጓዣ አገልግሎታችሁ