ዲስኩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ ቶርኖ አታስመቱ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የዕድሜዬን ትልቁን ክፍል ያሳለፍኩት ብረት በሚላጨው በቶርኖ ማሽን ፊት ቆሜ ነው። ሙያውን የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ሲሆን በፋብሪካም በግል ወርክሾፕም ሠርቼበታለሁ። ጡረታ ብወጣም አንዲት ትንሽ ማሽን ግቢዬ ውስጥ ስላለችኝ የሰፈር ልጆች የመኪናቸውን የፍሬን ዲስክ ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ መካኒኩ ቶርኖ አስመትተህ አምጣ ብሎኛል» ይሉኛል። ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው ስጠይቃቸው የሚመልስልኝ የለም፤ የላካቸውም ሰው አልለካም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የፍሬን ዲስክ የሚሳሳበት ወሰን አለው። ወሰኑ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ፣ በጠርዙ ወይም መሐል ላይ ከፍ ባለው ክፍል፣ በቁጥር ተቀርጿል። ዝገት ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ጠረግ ሲያደርጉት ይወጣል። በብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 22 ሚሊ ሜትር፣ ወሰኑ 20 ነው። ከአዲስ እስከ መጣያ ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ በአንድ ፊት አንድ አንድ። ከዚህ ላይ አብዛኛውን በየቀኑ ፍሬን ስንይዝ ዲስኩን በሁለት ፊት ቆንጥጦ የሚይዘው ሸራ ይበላዋል። ቶርኖ ደግሞ ብረት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ያልተለካ ዲስክ ማሽን ላይ ሲሰቀል የሚላጨው ብረት ከየት እንደሚመጣ አንባቢ ያስበው።

ነገሩ እዚህ ከተማ ውስጥ አይታወቅም፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከጊዮርጊስ ዓባይ ማዶ፣ ከፔዳ ገበያ ስንመላለስ ፍሬን የምንይዘው ለባጃጅና ለብስክሌት ነው፤ ዲስኩ በደንብ ሳይግል መልሶ ይበርዳል። በጣም የሳሳ ዲስክም ቢሆን እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ ባለቤቱም ፍሬኔ ደህና ነው ብሎ ያምናል። ጉዱ የሚወጣው ለበዓል ቤተሰቡን ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ አስሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያን ሁሉ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚሸከመው ዲስኩ ነው። ብረቱ ሲያንስ ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ሸራው የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ሸራውን በሚገፋው ፒስተን በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም። ነገር ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ ሲጠጣ መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በከባድ ማርሽ መውረድ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው፤ ግን ከባድ ማርሽም ያለቀ ዲስክን አይተካም።

አለካኩን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሸራው የዲስኩን ዳር ጫፍ ስለማይነካው እዚያ ጋ ያልተበላ ከንፈር ይቀራል። ቬርኒየር የሚባለው የውፍረት መለኪያ ዝም ብሎ ሲገባ የሚይዘው ያን ከንፈር ነው፤ 20 የቀረው ዲስክ 22 ነኝ ይላል። ማይክሮ ሜትር ያለው ሰው ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ይለካ። የሌለው ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ይውሰድ፤ አንዱን በዚህ ፊት፣ ሌላውን በዚያ ፊት፣ ሸራው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያድርግና ሳንቲሞቹን ጨምሮ ይለካ፤ ከዚያ የሁለቱን ሳንቲሞች ውፍረት ይቀንስ። በተለያየ ቦታ እየደጋገሙ ትንሹን ቁጥር መያዝ ነው።

ዲስክና ሸራ በቤት መቀየር አይገባም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዲስክና ሸራ ሲቀየር የፍሬን መስመሩ አይከፈትም፣ አየርም አይገባም፤ ጥንቁቅ ለሆነ ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም። የመጀመሪያውን ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሥራ። ትልቁ ጥቅሙ ባለቤቱ የመኪናውን ዲስክ በገዛ ዓይኑ ማየቱ ነው።

የምፈራው መነሻውን ነው። ግቢያችን ብዙውን ጊዜ አፈር ነው፤ ዝናብ የጠጣ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ፣ በማይነሱት ጎማዎች ታኮ ይደረግ፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ ብሎኖቹ ላላ ይደረጉ። መኪናው ከተነሳ በኋላ በብረት እግር ይደገፍ፤ የወለቀውም ጎማ ከመኪናው ወገብ ሥር ይጋደም። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር እጅ አይገባም።

ሸራዎቹን የያዘው ካሊፐር ሲፈታ በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል መተው አይገባም፤ በሽቦ ከሱስፔንሽኑ ጋር ይታሰር። ዲስኩ ዝጎ እምቢ ካለ መዶሻ ከማንሳት በፊት ፊቱን እዩት፤ ብዙ የቶዮታ ዲስኮች ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በሁለቱም አስገብቶ እያፈራረቁ ሲያጠብቁት ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። የአሮጌውን ሸራ ብናኝ በአፍም በኮምፕሬሰርም አታራግቡት፤ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ የሚጠጋው ነገር። ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት ሞዞ ፊት ላይ ያለው ዝገት ብረቱ እስኪያበራ መፋቅ አለበት። መሪው ሲንቀጠቀጥ ዲስኩ ተጣሟል ብለው ከሚያመጡልኝ ውስጥ ብዙውን ማሽን ላይ አስሬ ሳዞረው ቀጥ ያለ ነው። ጥፋቱ መኪናው ላይ በቀረው ዝገት ነው። ከዲስኩ ሥር የገባች አንዲት የዝገት ቅንጣት ዳሩን ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ካወላገደችው ብዙ አምራቾች የፈቀዱትን አልፋለች። ያንን ዲስክ ማስላጨት ደህናውን ብረት በከንቱ መጨረስ ነው።

እኛ ሐይቁ ዳር የምንኖር ደግሞ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ማየት አለብን። ክረምት ላይ ጠዋት ዲስኩ ላይ የምናየው ቀይ ዝገት ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይለቃል፣ አያሳስብም። ፒኑ ሲጣበቅ ግን አንዱ ሸራ ብረት ለብረት እስኪደርስ ያልቃል፣ ጓደኛው አዲስ እንደሆነ ይቀራል። ፒኖቹ ተጠርገው ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀቡ። የሸራውና የዲስኩ ፊት ግን ግራሶ እንዳይነካው፤ አዲስ ዲስክ ከፋብሪካ ሲመጣ የተቀባው ዘይትም በሳሙናና በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ።

ለአዲሱ ሸራ ቦታ ለመስጠት ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ሞልቶ እንዳይፈስ የዘይቱን ዕቃ ማየት፤ ዘይቱ የመኪና ቀለም ይበላል። ዲስክም ሸራም በግራና በቀኝ አንድ ላይ ይቀየራል። ከሁሉም በላይ፣ መኪናው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ነው። ሸራ ከተቀየረ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን ረስቶ ከግቢ የሚወጣ ሰው በሩ ላይ ልጅ ቢቆም ማቆሚያ የለውም። ከዚያ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሳይቆሙ ወደ 10 እያወረዱ፣ በየመሐሉ እያበረዱ አዲሱን ሸራና ዲስክ እርስ በርስ ማላመድ ይበቃል።

ዋጋውን አውቃለሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መለዋወጫ እሳት ሆኗል። ባለ ታክሲው አዲስ ከመግዛት ቶርኖ ቢመርጥ አልፈርድበትም። ከተላጨ በኋላ ከወሰኑ በላይ የሚተርፍ ብረት ካለው ያስመታ፤ ለእኔም እንጀራዬ ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመጣ ያገለገለ ዲስክም ቢሆን ተለክቶ ልክ ካለው ይገጠም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የመለዋወጫ ሱቆች ባንኮኒያቸው ላይ አንድ ቬርኒየር ያስቀምጡ። ጋራዦች የለኩትን ውፍረት ደረሰኙ ላይ ይጻፉ፣ አሮጌውንም ዲስክ ለባለቤቱ ያሳዩት። ለቦሎ ምርመራ ስንቀርብ የዲስክ ውፍረት ተለክቶ ይነገረን። በእኔ በኩል ዲስክ ይዞ ለሚመጣ ሰው መለካት በነፃ ነው፤ ከወሰኑ በታች የሆነውን ግን ምንም ቢከፈለኝ ማሽን ላይ አልሰቅለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የቶርኖ ባለሙያ
ባሕር ዳር